ከመጋዘኔ 1,200 ኪሎ እንጨት የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ማገዶ እየሸጥኩ መተዳደር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እርጥብ ግንድ እገዛለሁ፣ እናስቆርጣለን፣ እንፈልጣለን፣ ለቤቶችና ለዳቦ መጋገሪያዎች በኪሎ እንሸጣለን። ከሦስት ወር በፊት 4,000 ኪሎ ፍልጥ መዝኜ መጋዘን አስገባሁና ቆልፌ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሳምንት ልሸጠው ስመዝነው 2,800 ኪሎ ሆነ። ቁልፉ ያለው በእኔና አብሮኝ በሚሠራው በእህቴ ልጅ እጅ ብቻ ነው። እስካሁን ምንም አላልኩትም፤ ግን ፊቱን ማየት እያቃተኝ ነው። በዚያ ላይ ደንበኞች እንጨቱ ያጨሳል፣ አይነድም ይሉኛል። ተበድሬ የእንጨት መፍለጫ ማሽን ልግዛና ሥራውን ላስፋው? ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ስለ ልጁ እናውራ። እባክዎ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት። በነገሩኝ ቁጥር ውስጥ የማየው ሌባ ሳይሆን አየር ነው። ያ 1,200 ኪሎ በበሩ አልወጣም። ተኖ ነው የሄደው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት፣ እንደ ዛፉ ዓይነት ቢለያይም፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። የእርስዎም እንደዚያ ነበር እንበል። ከ4,000 ኪሎው 2,000 እንጨት፣ 2,000 ውሃ ነው ማለት ነው። እንጨቱ የትም አይሄድም። የሚሄደው ውሃው ነው። አሁን 2,800 ከሆነ፣ 2,000ው እንጨት እንዳለ አለ፣ ውሃው ግን 800 ቀርቷል። አንድም ፍልጥ ሳይጎድል ሚዛንዎ ላይ የታየው ቁጥር ይመጣል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እዚህ ግን የነገሩም ሥር ራሱ ውሃው ነው። 800 ኪሎ ውሃ በ2,800 ኪሎ ውስጥ ማለት 29 በመቶ ገደማ ነው። ጥሩ ማገዶ የሚባለው ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ እንጨትዎ ገና አልደረቀም። ደንበኞችዎ ያጨሳል ያሉት እውነታቸውን ነው። የጎደለው ኪሎና የበዛው ጭስ ሁለት ችግር መስለው ታዩዎት እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርዎ። ይኸው እንጨት 20 በመቶ ሲደርስ 2,500 ኪሎ ይሆናል። ገና 300 ኪሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ዳግመኛ እንዳይደነግጡ።

ለምን እንደሚያጨስም ይወቁት፤ ለደንበኛ ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ነውና። እሳት ውስጥ የገባ እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ውሃውን ማትነን አለበት። ሙቀቱ ለዚያ ይባክናል። እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቃጠል በጭስ መልክ ይወጣል። ከፊሉ ጭስ መውጫው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ጥቀርሻው ሲበዛ ራሱ እሳት ይይዛል። ግማሹ ውሃ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት፣ 20 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኪሎ ከሚሰጠው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ደንበኛዎ በኪሎ ገዝቶ ግማሹን ዋጋ ለውሃ ከፈለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ንግድ የተጣመመው። በኪሎ የሚሸጥ ሰው እንጨቱን ባደረቀ ቁጥር ይከስራል። 4,000 ኪሎ ገዝተው 2,500 ኪሎ ደረቅ ሲሸጡ፣ የግንዱን ዋጋ ብቻ ለመመለስ እንኳ የኪሎው ዋጋ ከተገዛበት 1.6 እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ያልቆጠረ ሰው ሳያውቀው እርጥቡን ቶሎ ቶሎ ወደ መሸጥ ይሄዳል። ደንበኛው ደግሞ አንዴ ይገዛል፣ ሁለተኛ አይመለስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ መለኪያዎን ይቀይሩ ነው። በኪሎ ሳይሆን በቁልል ይሽጡ። አራት ጠንካራ ጣውላ ገጣጥመው ውስጡ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፍሬም ያሠሩ። በውስጡ ፍልጡን ደርድረው ሲሞሉትና የፍልጡ ርዝመት አንድ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ ቁልል ነው። ፍልጥዎ 33 ሳንቲሜትር ከሆነ ሦስት ረድፍ ይደርድሩ። እንጨት ሲደርቅ በክብደት ብዙ ይቀንሳል፤ በመጠን ግን የሚቀንሰው ጥቂት ነው። በዚህ መለኪያ ያደረቁበት ወራት ከኪስዎ አይወጣም። ለትንሽ ገዢ ደግሞ አንድ የብረት ቀለበት ያስበይዱ። ቀለበቱ እስኪሞላ ፍልጥ ይሰኩና ያስሩት። ሁሉም እስር እኩል ይሆናል፣ ክርክርም አይኖርም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይናገሩ። የተደረደረና የተዘረገፈ አንድ አይደለም። መኪና ላይ ዝም ብሎ የተጣለ አንድ ሜትር ኩብ ተደርድሮ ሲታይ ከ0.6 እስከ 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው የሚሆነው። ደንበኛው የቱን እየገዛ እንደሆነ ሳያውቅ ከቀረ፣ ቤቱ ሲደረድረው እርስዎን ነው የሚጠረጥረው። መጠርጠር ምን እንደሚያስከትል እርስዎ ራስዎ ሰሞኑን አይተውታል።

የዳቦ መጋገሪያዎቹ የለመድነው ኪሎ ነው ካሉ አይጨቃጨቁ። ለደረቁ ሌላ፣ ለእርጥቡ ሌላ ዋጋ ያውጡ። ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ሁለት እኩል ክምር አንዱን በደረቅ አንዱን በእርጥብ አድርገው ያንድዱላቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

አሁን ስለ ማድረቅ። መጋዘን ቆልፎ ማስቀመጥ እንጨትን በደንብ አያደርቅም። ነፋስ በደንብ የማይገባበት ቤት ውስጥ ውሃው የሚወጣው በዝግታ ነው። መጋዘኑ የደረቀ እንጨት ማቆያ ይሁን፤ ማድረቂያው ግን ውጭ ነው። እንጨቱን ግንድ ሆኖ አያቆዩት፤ ቅርፊቱ ውሃውን አፍኖ ይይዛል። በገባ ሰሞን አስቆርጠው ይፍለጡት። ውሃ ከእንጨት የሚወጣው ከጎኑ ይልቅ በብዛት በተቆረጡት ጫፎቹ በኩል ነው። አጭር ፍልጥ ከረጅሙ ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ውፍረቱ ከ8 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ምድጃ ይስማማል።

ቁልሉ መሬት አይንካ። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም አጣና ወይም አሮጌ ፓሌት ያንጥፉና 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። መሬት የነካው ረድፍ ከታች እርጥበት ይስባል፣ ምስጥም ይገባበታል። በነጠላ ረድፍ ይቆልሉት፤ ሰፊው ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር። ሁለት ረድፍ ከሆነ በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። ቆርቆሮ ወይም ሸራ ከላይ ብቻ ያልብሱት። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ትልቅ ስህተት ነው። ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል፣ እንጨቱም ይሻግታል። በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ፍልጦች አንዱን ረድፍ ወዲህ አንዱን ወዲያ እያጠላለፉ ቢደረድሯቸው ቁልሉ ያለ ድጋፍ ይቆማል። ከሰው ቁመት በላይ አያስኪዱት። ልጆች የሚጫወቱበት አካባቢ ከሆነ ከዚያም ዝቅ ያድርጉት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ቀላልና ለስላሳ እንጨት፣ ቀጭን ተፈልጦ፣ በደረቅ ወራት ጥቂት ወር ይበቃዋል። ከባዱ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ቀን አይቁጠሩ፤ ይለኩ።

መለኪያው ቀላል ነው። ከቁልሉ መሐል አምስት ስድስት ፍልጥ ያውጡ። በከሰል ቁጥር ይጻፉባቸው። ይመዝኗቸው፣ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ቦታቸው ይመልሱ። በየሳምንቱ በዚያው ቀን ይድገሙት። መጀመሪያ ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ቀስ ይላል፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ሳምንት ባለበት ይቆማል። ያን ጊዜ እንጨቱ ያ አየር ሊያደርቀው እስከሚችለው ድረስ ደርቋል። ይህን ሥራ ለእህትዎ ልጅ ይስጡት። እሱ ራሱ እየመዘነ 2 ኪሎ የነበረው ፍልጥ ወደ 1.3 ሲወርድ ያየዋል። እርስዎም ያዩታል። የጎደለው 1,200 ኪሎ ወዴት እንደሄደ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከማሽኑ በፊት ገንዘብ ካወጡ ደግሞ አንድ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። በኪስ የምትገባ፣ ሁለት መርፌ ያላት ዕቃ ናት። ብዙ ሰው ግን አጠቃቀሟን ይስታል። የፍልጡን ውጭ ይወጋና «ደርቋል!» ይላል። ውጩማ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ፍልጡን እንደገና ለሁለት ይሰንጥቁት። አዲስ በተከፈተው ገጽ መሐል ላይ፣ ሁለቱ መርፌዎች የእንጨቱን መሥመር ተከትለው እንዲያርፉ አድርገው ይውጉ። ከአንድ ፍልጥ አይፍረዱ፣ አምስት ስድስት ይሞክሩ። ሌላም ልብ የሚሉት ነገር አለ። አብዛኞቹ መለኪያዎች ውሃውን የሚያሰሉት ከደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ነው። መለኪያዋ 25 ስትል፣ እኛ ከላይ በተጠቀምንበት ሒሳብ 20 በመቶ ማለት ነው። ከ30 በላይ የምታሳየውን ቁጥር ደግሞ እርጥብ ነው ከማለት ያለፈ አይመኑት።

መለኪያ ከሌለ ጆሮ አለ። ሁለት ፍልጥ ያጋጩ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥብ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ጫፉ ላይ ከመሐል እንደ ጨረር የሚወጡ ስንጥቆችም የመድረቅ ምልክት ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም።

ማሽኑን በተመለከተ፣ አሁን አይግዙ። የእርስዎ ሥራ የተያዘው መፍለጥ ላይ አይደለም፤ ማድረቅ ላይ ነው። ማሽን በአንድ ቀን የፈለጠው እንጨት ቁልሉ ላይ ያንኑ ወራት ይቀመጣል። የብድሩ ክፍያ ግን እስኪደርቅ አይጠብቅም። ገንዘብ ካለዎት እንጨት ይግዙበት፤ ዛሬ ፈልጠው የቆለሉት ነው ከወራት በኋላ የሚሸጡት። ግንድ ሲበዛ ማሽን ለአንድ ሁለት ቀን መከራየት ይቻላል። አንድ ቀን የራስዎን የሚገዙ ከሆነ፣ ሁለቱም እጅ መቆጣጠሪያው ላይ ካልሆነ የማይንቀሳቀሰውን ይምረጡ። አንድ ሰው እንጨት እያስገባ ሌላው መቆጣጠሪያ ሲጎትት ነው ጣት የሚቆረጠው።

እስከዚያው የእጅ መሣሪያዎን በደንብ ያሟሉ። እንጨት መቁረጫ መጥረቢያና መፍለጫ መጥረቢያ አንድ አይደሉም። መቁረጫው ቀጭንና ስል ነው፤ ወደ እንጨቱ ይገባና ይቀረቀራል። መፍለጫው ራሱ ከባድ፣ ጎኑ ሽብልቅ የመሰለ ወፍራም ነው፤ ሥራው መቁረጥ ሳይሆን መገንጠል ነው። ለትላልቁ ግንድ ሁለት የብረት ሽብልቅና አንድ ትልቅ መዶሻ ያስፈልጋል። ሁለት ያልኩት አንዱ ሲቀረቀር ሌላው እንዲያስወጣው ነው። ዛቢያው ከላላ ውሃ ውስጥ መንከር ለአንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ይብስበታል። አውጥተው በትክክል ሽብልቅ ይምቱበት ወይም ይቀይሩት።

የሽብልቁ ራስ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ጠርዙ ከተጠቀለለ፣ ከዚያ በላይ አይምቱት። በሞረድ ወይም በመሞረጃ ያስተካክሉት። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ከእንዲህ ያለ ሽብልቅ የተፈናጠረ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት ክንዱ ውስጥ ገብታ ሐኪም ነው ያወጣት። ክንዱ ባይሆን ዓይኑ ነበር። መነጽር ሳያደርግ ማንም ሰው እንዳይፈልጥ፤ ልጁም፣ እርስዎም።

የሚፈለጥበት ጉቶ ከጉልበት ዝቅ ያለ ይሁን። በላዩ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ያስተኙበት። ጉማጁን በጎማው ውስጥ አቁመው ሲፈልጡት፣ ቁርጥራጩ አይበታተንም፤ ጎማው አቅፎ ይይዘዋል። ጎንበስ ቀና ማለት ይቀራል። መጥረቢያው ቢስትም ጎማው ላይ ያርፋል እንጂ ቅልጥም ላይ አያርፍም። ይህን ካደረጉ በኋላ ወገብዎ ራሱ ያመሰግንዎታል። ጉማጁ ወፍራም ከሆነ መሐሉን አይምቱ። ከጠርዙ ጀምረው ዙሪያውን ይገንጥሉት። ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን ይከተሉ። ጉጥ ካለ ከጉጡ ራቅ ብለው ይምቱ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ እርጥቡን ሳለ ይፍለጡት፤ ከደረቀ በኋላ እንደ ድንጋይ ያስቸግራል።

የሞተር መጋዝ ካለዎት ስለ ሰንሰለቱ አንድ ምልክት ልስጥዎ። ስል ሰንሰለት ቁርጥራጭ የመሰለ ፍቅፋቂ ይተፋል። የደነዘዘ ሰንሰለት ዱቄት ይተፋል። ዱቄት ካዩ ያቁሙ፣ ይሞርዱ። አቆራረጡ ወደ አንድ ጎን ከጠመመ የአንዱ ወገን ጥርስ ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል። ክብ ሞረዱ ለሰንሰለቱ የሚስማማው ልክ መሆን አለበት፤ በየጥርሱ እኩል ጊዜ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይግፉ። የቤንዚንና የዘይቱ መጠን መመሪያው የሚለው ይሁን፤ 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት አይንኩ፤ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትዎ የሚወረወረው በዚያ ሲነካ ነው። የሰንሰለቱ ፍሬን የማይሠራ ከሆነ ያ መጋዝ እስኪጠገን ይቀመጥ።

ስለ ግዢም ጥቂት ልበል። ግንድ ሲገዙ በዓይን አይገምቱ። ገመድና ሜትር ይያዙ። የግንዱን ዙሪያ መሐሉ ላይ በሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ከዚያ በ0.08 ያባዙ። ዙሪያው 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንድ 0.24 ሜትር ኩብ ሙሉ እንጨት አለው። ተፈልጦ ሲደረደር ክፍተት ስለሚኖረው 0.37 ሜትር ኩብ ገደማ ቁልል ይወጣዋል። አሥር ግንድ ለክተው ከደመሩ፣ ምን ያህል ቁልል ሸጠው ምን እንደሚያተርፉ ገና ሳይከፍሉ ያውቃሉ።

መኪናም ሲጭኑ ይህንኑ ያስቡ። አንድ ሜትር ኩብ የተደረደረ እርጥብ ፍልጥ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ቶን የምትጭን መኪና ላይ ሁለት ሜትር ኩብ እርጥብ ከጫኑ ከአቅሟ በላይ ነው።

እንጨቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ሁልጊዜ ከሻጩ ይቀበሉና ያስቀምጡ። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ አሮጌ የመብራት ምሰሶ፣ መድኃኒት የተነከረ አጥር በርካሽ ቢመጣልዎ አይንኩት። ምሰሶዎች እንዳይበሰብሱ የሚነከሩባቸው መድኃኒቶች ውስጥ አርሴኒክ ያለባቸው አሉ። ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ አመዱም ውስጥ ይቀራል። እርስዎ ደግሞ ዳቦ ለሚጋግር ሰው ነው የሚሸጡት።

በየቁልሉ ላይ አንድ ጣውላ ይቸንክሩና የተፈለጠበትን ቀን ይጻፉበት። በደብተሩ ላይ ከዚያ ቀን ጋር የግንዱ ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ ቤንዚኑ፣ የልጁ ደመወዝና የራስዎ የጉልበት ዋጋ ይግባ። የራስዎን ጉልበት ሳይቆጥሩ አተረፍኩ እንዳይሉ። ቀድሞ የተፈለጠው ቀድሞ ይሸጥ።

ቅሬታ ያቀረቡት ደንበኞች ጋ በእግርዎ ይሂዱ። እንጨቱ እንዳልደረቀ አሁን እንደተረዱ ይንገሯቸው። የቀራቸውን እርጥብ ፍልጥ ምድጃው አጠገብ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እንዲደረድሩት ያሳዩአቸው፤ ከቻሉ አንድ አንድ እስር የደረቀ ይዘውላቸው ይሂዱ። የእህትዎን ልጅም ይዘውት ይሂዱ፤ የሚመዝነው እሱ ስለሆነ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ቢያስረዳቸው ይሻላል።